ባድ ስፔንሰር፦ ከዋና ገንዳ እስከ ድሬ ቪዲዮ ቤት

ባድ ስፔንሰር በካውቦይና በፖሊስ ፊልሞች ውስጥ እየተማታ ሲያስቅ የኖረ ጣሊያናዊ ተዋናይ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ካርሎ ፔደርሶሊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1929 ናፖሊ ተወልዶ ጁን 27 ቀን 2016 ሮም ውስጥ አርፏል።

መጀመሪያ የታወቀው በዋና ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 100 ሜትርን በነፃ ስልት በ59.5 ሰከንድ ዋኝቶ ከአንድ ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። በ1952 ሄልሲንኪና በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒኮችም ተሳትፏል። ከዚያ ለሥራ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ የተወሰኑ ዓመታት ቆይቷል።

ወደ ሲኒማ የገባው በእጁ ሳይሆን በቁመናው ነው ቢባል ያስኬዳል። በ1967 ማሪዮ ጂሮቲ ከሚባል ሰማያዊ ዓይን ወጣት ጋር የካውቦይ ፊልም ሲሠሩ ፖስተሩ ላይ የአሜሪካዊ ስም ይፈለግ ነበር። ጂሮቲ ቴሬንስ ሂል ተባለ። ፔደርሶሊ ደግሞ «ባድ»ን ከሚወደው ባድዋይዘር ቢራ፣ «ስፔንሰር»ን ከሚያደንቀው ተዋናይ ስፔንሰር ትሬሲ ወሰደ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1970 ነው። ኤንዞ ባርቦኒ ደም የሚፈስባቸውን የካውቦይ ፊልሞች በካሜራ ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ነበር። ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ «ትሪኒታ»ን ሲሠራ ግን ያንኑ ዓይነት ፊልም ቀለደበት። ስፔንሰር የሸሪፍ ኮከብ ለጥፎ ፈረስ ለመስረቅ የሚያደባ ሌባ ሆኖ ተጫወተ፤ ያ ተራራ የሚያክል ሰው በፊልሙ ውስጥ «ባምቢኖ»፣ ማለትም ሕፃኑ፣ ይባላል። ከዚያ በኋላ ስፔንሰርና ሂል አብረው በሠሯቸው ፊልሞች ጥይቱ እያነሰ ጥፊው እየበዛ ሄደ። የስፔንሰር ዋና መሣሪያ ጡጫውን ከላይ ወደ ታች አናት ላይ ማውረድ ነው። እኛ ኩርኩም የምንለው ግዙፍ ሆኖ ማለት ነው። የተመታው ሰው ወዲያው አይወድቅም፤ ዓይኑ ይቆማል፣ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይዘረጋል። ሳቁ ያለው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ለመረዳት ጣሊያንኛ አላስፈለገም። በባቡሩ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1902 የተቆረቆረችው ከተማ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ ሰፈር የሚነገርባት ናት። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የተደረደረ ተመልካች ወሬ ከሚበዛበት ፊልም ይልቅ ካራቴ፣ ህንድና ካውቦይ ቢመርጥ አይገርምም። የቪዲዮ ቤት ልጅ ጀግናውን «አክተሩ» ይለዋል፤ ደንቡም «አክተሩ አይሞትም» ነው። በወጉ አክተሩ ቆንጆው ሂል ነው። ነገር የሚፈልገው፣ የሚያሽሟጥጠው፣ የሚሮጠው እሱ ነው። ስፔንሰር ግን መብላት ብቻ የሚፈልግ፣ ጣጣ ውስጥ በግድ የሚጎተት ሰው ነው። ፊቱ ገና ሲታይ በድሬ ልጅ አፍ «አቦ ተወኝ!» የሚል ይመስላል። የሚወደድበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ጉልበቱ እያለው ጠብ አይፈልግም።

ብቻውንም ሠርቷል። ከ1973 እስከ 1980 በአራት ፊልሞች የናፖሊ ፖሊስ ኮሚሳር ሆኖ ተጫውቷል፤ ታሪኩ ከናፖሊ ተነስቶ ሆንግ ኮንግ፣ ደቡብ አፍሪካና ግብፅ ይደርሳል። ከፊልም ውጭ አብራሪ ነበር፤ በ1981 ሚስትራል ኤር የተባለ አየር መንገድ አቋቁሟል። በ2005 ደግሞ ለላትሲዮ ክልል ምክር ቤት ተወዳድሮ ሳይመረጥ ቀርቷል።

የሚገርመው፣ በብዙዎቹ ፊልሞቹ ጣሊያኖች ራሳቸው የሰሙት የእሱን ድምፅ አይደለም። የናፖሊ ቅላጼው ስለሚጎላ ግላውኮ ኦኖራቶ የተባለ ተዋናይ ይናገርለት ነበር።

ከሂል ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተጣመረው በ1994 ነው። በ2010 ሁለቱም ዳቪድ ዲ ዶናቴሎ የተባለውን የጣሊያን ፊልም ሽልማት ለዕድሜ ልክ ሥራቸው ተቀበሉ። በ2017 ደግሞ ከአገሩ ውጭ፣ ቡዳፔስት ከተማ ላይ፣ የነሐስ ሐውልት ቆመለት።