በየጊዜው የሚደረግ የአክሲዮን ግዢና የወሎ የቁጠባ ልማድ

በየጊዜው እኩል ገንዘብ እየመደቡ አክሲዮን መግዛት ማለት ዋጋ የሚረክስበትን ቀን ለመገመት ከመሞከር ይልቅ የግዢውን ቀን አስቀድሞ ወስኖ በዚያው መጽናት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በወር 1,000 ብር የሚመድብ ሰው የአንዱ አክሲዮን ዋጋ በመጀመሪያው ወር 100፣ በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛው ተመልሶ 100 ብር ቢሆን በ3,000 ብር 40 አክሲዮኖች ይይዛል። የሦስቱ ወራት አማካይ ዋጋ ከ83 ብር በላይ ሲሆን እሱ ግን አንዱን በአማካይ በ75 ብር ገዝቷል፤ ምክንያቱም በረከሰው ወር ያው ገንዘብ እጥፍ አክሲዮን አስገኝቷል። ዋጋ ያለማቋረጥ በሚጨምርበት ዘመን ግን ያለውን ሁሉ ቀድሞ የገዛ የበለጠ ያተርፋል።

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ ለሚኖር ነጋዴና ደመወዝተኛ እንዲህ ያለው ጽናት እንግዳ አይደለም። የዕቁብ አባል ገበያ ቢቀዘቅዝም ቢደራም ቀኑን ጠብቆ ይከፍላል፤ ዳኛውና ጸሐፊውም ይህንኑ ያስከብራሉ። ሆኖም ዕቁብ የተዋጣውን ያህል ብቻ ስለሚመልስ የዋጋ ግሽበትን አይቋቋምም፤ ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን የሚያውልበት ቦታ ከቁጠባው ያላነሰ ክብደት አለው። ከወለድ የሚርቁ ብዙ ሙስሊም የወሎ ነዋሪዎች ደግሞ ገንዘባቸው በምን ዓይነት ድርጅት ላይ እንደሚውል አጥብቀው ይመረምራሉ።

በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የተዘረጋው የካፒታል ገበያ፣ ማለትም አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት መድረክ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢም 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ስለነበር፣ በወሎ ያለ ገዢ ከቤቱ ሳይወጣ መሳተፍ ቢችልም በየወሩ ጥቂት በጥቂት ለሚቆጥብ ሰው መነሻው ከባድ ነበር።

ገቢው በመኸርና በበልግ ምርት ላይ የተመሠረተ ገበሬ በየወሩ ሳይሆን ከየምርቱ በኋላ ቢመድብ ይሻለዋል። ከሁሉ በፊት ግን የክፉ ቀን ጥሪት ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ ከከብት ሌላ ጥሪት ያልነበረው ቤተሰብ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚሸጥበት ወቅት ከብቱን በርካሽ ለመልቀቅ ተገዷልና።