ዮሴፍ ሰረገላ ላከ

ዮሴፍ ራሱን ለወንድሞቹ በገለጠበት ቀን የተናገረውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 45 ነው። እንባው ሳይደርቅ የአባቱን ነገር በዝርዝር ያነሣል። የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ በግብፅ ምድር በጌሤም፣ ለእርሱ ቅርብ። ማን እንደሚመግበው ይናገራል፤ እርሱ ራሱ። ራቡ ገና 5 ዓመት እንደሚቀረውም ይቆጥራል። ያዕቆብ ግን ልጁ በሕይወት እንዳለ ሲነገረው ልቡ ደነዘዘ፣ አላመነም። መንፈሱ የታደሰው ሊወስዱት የመጡትን ሰረገሎች ባየ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን "አይዟችሁ፣ እኛ አለንላችሁ" እንላለን። ሰረገላው ግን የታለ?

እኔም አለንላችሁ ባይ ነበርኩ። እናታችን ታማ ሆስፒታል የገባች ጊዜ አራት ልጆቿ ኮሪደር ላይ ቆመን ተከራከርን። አንዱ "ወደ እኔ ቤት ትምጣ" ይላል፤ ሌላዋ "ከቤቷ ከወጣች አትኖርም" ትላለች። ሐኪሙ የምትወስደውን መድኃኒት ሲጠይቀን እርስ በርስ ተያየን። እሷ አንደበቷ ተይዟል፤ የአንሶላውን ጠርዝ በጣቷ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ምን እንደምትፈልግ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ ደህና ሳለች ማን ጠየቃት? "ስለ እርጅናዋ ብናነሣ ሞቷን የተመኘን ይመስላታል" እያልን ዝምታችንን አክብሮት አድርገነው ነበር።

ያዕቆብ ግን ነገሩን ራሱ አነሣው። በግብፅ 17 ዓመት ከኖረ በኋላ ዮሴፍን ጠርቶ የት እንዲቀብረው ነገረው፤ አስማለውም። ዮሴፍ "አባዬ፣ ምነው ክፉ ታወራለህ" ብሎ አላስቆመውም፤ እንደ ቃልህ አደርጋለሁ አለ። "አባትህንና እናትህን አክብር" ከሚለው ትእዛዝ ውስጥ ይህ ማዳመጥ ያለ ይመስለኛል። ደግሞም ሽማግሌ ከቤቱ ሲነሣ ይፈራል። ያዕቆብ ያን ሁሉ ሰረገላ አይቶ እንኳ ቤርሳቤህ ላይ ቆሞ መሥዋዕት አቀረበ፤ እግዚአብሔርም አትፍራ አለው። ወላጆቻችን "አልሄድም" ሲሉ ግትርነት ብቻ አድርገን አንየው።

አገልጋዮች የሆንን አንድ ነገር እንስማ፤ ይህን ስጽፍ ራሴንም እየወጋሁ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ የገሠጻቸው ሰዎች ለወላጅ የሚሆነውን "ቁርባን ነው"፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ ብለው ያስቀሩ ነበሩ። ስብሰባና ጉባኤ ስናበዛ ቤት የቀረችው አንዲት እህታችን ብቻዋን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ሌሊት ትነቃለች። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ብድራት የመመለሱን ነገር ለልጆችና ለልጅ ልጆች ነው የሰጠው፤ "ላላገባችው ልጅ" አላለም። ስለዚህ ተሰብሰቡ። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ጊዜ ያለው ጊዜ ያምጣ፤ ሁለቱም የሌለው በየቀኑ ይደውል። ውክልናና ኑዛዜ የሚሰጠው ሰው አእምሮው ደህና ሳለ ነውና አታዘግዩት። የመድኃኒቱን ዝርዝር ሁላችሁም ያዙ።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባታችንን ከበን ተቀመጥን። ስለ ቤትና ስለ ገንዘብ የሚናገሩ መስሎን ወረቀት ይዘን ነበር። ጥቂት ዝም አሉና "ማታ ማታ መዝሙረ ዳዊት የሚያነብልኝ ሰው ብታገኙ" አሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው፣ መጽሐፉም ጭናቸው ላይ ተከፍቷል፤ ማንበብ ካቆሙ ግን ሁለት ዓመት አልፏቸው ኖሯል። በየእሑዱ አጠገባቸው ስንቀመጥ አንዳችንም አላወቅንም። አሁን ሰኞና ሐሙስ የእኔ ተራ ነው፤ ሌላውን ቀን የልጅ ልጆቻቸው በስልክ ያነቡላቸዋል።