እንግዳና ባለቤት በጎጃም

ጎጃም ዓባይ በሦስት ወገን የከበበው አገር ነው። ወንዙ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ ይዞረዋል፣ በደቡብ ያቅፈዋል፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ይነጉዳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ጎጃምን የሚያገኘው ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ጥምዝምዝ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእንግድነት ሥርዓቱ ግን ደጀን እስኪደረስ አይጠብቅም። አውቶቡሱ ውስጥ ይጀምራል።

በረሃው መሐል ላብ እያጠመቀው መስኮት የከፈተ ሰው «ዝጋው እባክህ፣ ንፋስ ይመታናል» ይባላል። መከራከር ትርፍ የለውም። ወዲያው ደግሞ ከጎን የተቀመጡት እናት የቋጠሩትን ቆሎ ፈተው «እንካ ቅመስ ልጄ» ይላሉ። እፍኝ ሙሉ መዝገን አያስፈልግም፤ ጥቂት ቆንጠር አድርጎ መቀበል ይበቃል። ከቆሎው ጋር ጥያቄው ይመጣል። አገርህ ወዴት ነው? አግብተሃል? ልጅስ? ማን ጋ ታርፋለህ? ለከተሜና ለውጭ አገር ሰው ይሄ ምርመራ ይመስለዋል። በአገሩ ልማድ ግን እንግዳን ሳይጠይቁ ዝም ማለት እንደ ንቀት ነው የሚቆጠረው።

ሰላምታም ጊዜ ይወስዳል። «እንዴት ዋላችሁ?» ተብሎ አይታለፍም። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው በየተራ ይጠየቃሉ። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ በሬው ታሞ ቢሆን እንኳ ምስጋናው ቀድሞ ሕመሙ ኋላ ይነሳል። ሽማግሌና ቄስ «አንቱ» ይባላሉ። «እርስዎ» ማለት ስህተት አይደለም፤ ገጠር ላይ ግን ትንሽ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። ቀኝ እጅን ሲዘረጉ በግራ ክርንን ደገፍ ማድረግ አክብሮት ነው። አጨዳ ላይ ያሉ ሰዎችን «ያበርታችሁ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው።

የሰው ቤት ሲደረስ በር አይንኳኳም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት ነው። ውሻውን የሚይዝ ሰው እስኪወጣ መጠበቁ ደግሞ ለራስ ነው። እንግዳው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር» ብሎ ይነሳል። «በእግዜር» ብሎ መልሶ ሰዎቹን ቶሎ ማስቀመጥ የእንግዳው ፋንታ ነው። ከዚያ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። ድሮ መሽቶበት ለሚመጣ መንገደኛ፣ ባይታወቅም፣ ውሃ ተሙቆ እግሩ ይታጠብ ነበር። ዛሬ ከተማ ውስጥ ይሄ የለም ማለት ይቻላል።

ዋናው ፈተና ገበታው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ወዳጄን ይዤ ከቢቸና ወጣ ያለ መንደር እንግዳ ሆንን። የቤቱ እመቤት ጠላውን አመጡ። ከመስጠታቸው በፊት ከማንቆርቆሪያው ጠብታ በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱ። ወዳጄ በዓይኑ ጠየቀኝ። «ክፉ ነገር የለበትም ማለታቸው ነው» አልኩት። ደስ ብሎት ጣሳውን እስከ አንጀቱ ጨለጠ። ሞሉለት። በእሱ በወዳጄ አገር የቀረበን መጨረስ ጨዋነት ነውና ደገመ። እንደገና ሞሉለት። እሱ ለአክብሮት ይጨርሳል፣ እሳቸው ባዶ ጣሳ ሲያዩ ይደነግጣሉ። አምስተኛው ላይ ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረ። መውጫው አንድ ነው፤ ጣሳውን እንደሞላ ማስቀመጥ። እኔም ቀድሜ አለመንገሬ ሲያስቀኝ ይኖራል።

«ጠግቤያለሁ» የሚለው ቃልም በመጀመሪያው ዙር ዋጋ የለውም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ይከተላል፤ ከዚያም ጉርሻ። ብልህ እንግዳ ቀስ ብሎ ይበላል፣ ለግብዣው ዙር ቦታ ያስቀራል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን ማወቅም ጥሩ ነው። በጾም ቀን ወተት የሚጠይቅ እንግዳ ባለቤቱን ያስጨንቃል። ሲወጡ ብር መስጠት ደግሞ ትልቁ ስህተት ነው፤ ቤቱን ሆቴል ያደርገዋል። ቡና፣ ስኳር ወይም ሳሙና ይዞ መግባት ግን ማንንም አያስቀይምም።

ቅዱስ ቦታዎች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሰከላ ያለው ግሽ ዓባይ ምንጭ ጠበል ነው፤ እህል የቀመሰ ሰው አይቀርበውም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እዚህ ሲደርስ መሪው ጫማህን አውልቅ ብሎታል። አውልቆ ቁልቁል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ እንደወደቀ ራሱ ጽፏል። ምንጩን ያገኘሁ የመጀመሪያው ነኝ ብሎም ነበር። የአገሩን ሰው ትቶ እንኳ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት አይቶታል። ጣና ላይ ደግሞ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ሴት ቱሪስት ይዞ እስከ ደሴቱ የሚቀዝፍና እዚያ «አንቺ እዚህ ጠብቂ» የሚል አስጎብኚ አይጠፋም። ይሄ ባሕር ዳር ሳይነሱ መነገር ያለበት ነገር ነው። ለሴትም ለወንድም ክፍት የሆነችው የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ መንገዷም በቡና ጥላ ውስጥ ነው።

ጎጃም ሁሉ አማርኛ ብቻ የሚናገርም አይደለም። እንጅባራና ዳንግላ ያለው አዊ አገውኛ ይናገራል። ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ነው፤ ያን ቀን እንጅባራ የሄደ ከፈረሱ ፊት ገለል ማለት ይወቅ።

ፎቶን በተመለከተ አስፈቅዶ ማንሳት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ሕፃን ሲያደንቁ ግን «ማርያም ታሳድገው» ማከል ይገባል፤ ካልሆነ ዓይን ይፈራል። የሰው ከብትም ጮክ ብሎ አይቆጠርም።

ጎጃሜው ራሱ ውጭ አገር ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል። አውቶቡስ ላይ ቆሎ ቢዘረጋ ጎረቤቱ ሸሸት ይላል። ለተቀመጠው ሁሉ ሰላምታ ቢሰጥ ዓይኖች ስልክ ላይ እንደተተከሉ ይቀራሉ። ራት ተጋብዞ ሄዶ ሒሳብ ለሁለት ሲካፈል ያየ ዘመዴ ለሳምንት ሲያወራው ከርሟል። ንቀት አልነበረም፤ እዚያ ሰውን አለማስቸገር ነው ጨዋነቱ። ይሄን ለመረዳት ግን ሁለት ክረምት ፈጅቶበታል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሳው ጦርነት ምክንያት የጎጃም መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። ከመነሳት በፊት እዚያው ያለ ሰው ጋ ደውሎ ማጣራት የሁሉም ልማድ ሆኗል።

ሽኝቱ ከአቀባበሉ አይተናነስም። ባለቤቱ በር ላይ አይሰናበትም፤ ቢያንስ እስከ አጥሩ፣ አንዳንዴም እስከ ወንዙ ይሸኛል። «ተመለስ በቃ» ይባላል። አይመለስም። መንገዱ ላይ የተረሳ ወሬ ይነሳል፣ ቆሞ ይወራል። የቢቸናው ባለቤትም ዋናው መንገድ ድረስ ተከተሉን። አይሱዙው ሲመጣ በነጠላ የተቋጠረ ዳቦ በመስኮት አቀበሉንና ወዳጄን «ጠላው አልጣመህም እንዴ፣ ትተኸው ወጣህሳ?» አሉት።