አሸናፊ ከበደ፦ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ ተመራማሪና መምህር ነበሩ። ስማቸውን የሚያነሳ ሰው ግን በአብዛኛው የሚያነሳው ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጋር አያይዞ ነው። ያስኬዳል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ዕድሜ ያገኘው እሱ ነውና። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የተወለዱት ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። አሜሪካ ሄደው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1962 ተመረቁ። ኢስትማን በአገሩ አንቱ ከተባሉት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ያንን ዲግሪ ይዞ እዚያው መቅረት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ተመለሱ።

አዲስ አበባ ያኔ ሙዚቃ አላጣችም። ክብር ዘበኛና ፖሊስ የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አርመናዊው የሙዚቃ ሰው ነርሲስ ናልባንዲያን ነበሩ። በ1963 ደግሞ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ ባህላዊ ተጫዋቾችን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። የጎደለው፣ ዩኒፎርም ሳይለብሱ ሙዚቃን ከኖታ ጀምሮ በሥርዓት የሚማሩበት ቤት ነበር።

አሸናፊ የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ከ1963 እስከ 1968 የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን መርተዋል። ከዚያ በፊትም ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ተጀምሮ ነበር የሚሉ ስላሉ፣ በመሥራችነቱ ላይ አልፎ አልፎ ክርክር ይነሳል። ጅማሬው የማንም ይሁን የማን፣ ትምህርት ቤቱን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ልጁ ሙዚቃ ልማር ሲለው «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» የማይል ወላጅ ጥቂት ነው። (አሁንስ ስንቱ ነው ደስ የሚለው?) ሌላው ችግር የመሣሪያው ነው። መሰንቆና ክራር የሚተላለፉት በጆሮና በዓይን ነው። ልጅ አባቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይለምዳቸዋል። ያንን ወስዶ የክፍል ትምህርት ማድረግ፣ ያውም ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን፣ ድፍረት ይጠይቃል። ከቡልጋሪያ የመጡ መምህራን የፈረንጁን ሙዚቃ በማስተማር ለትምህርት ቤቱ ትልቅ ውለታ ውለዋል።

ከድርሰቶቻቸው በጣም የታወቀው ለፍሉትና ለኦርኬስትራ የተጻፈው «እረኛው ባለዋሽንት» ነው። ሐሳቡን ለመረዳት ዋሽንትን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከሸምበቆ የሚሠራ፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ ቁልፍ የሌለው ነገር ነው። የአንዱ ዋሽንት ድምፅ ከፍታ በርዝመቱ የተወሰነ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ የዜማውን መነሻ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሲፈልግ ሌላ ዋሽንት ያነሳል። ለዚህ ነው ጎበዝ ባለዋሽንት ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚታየው። አሸናፊ የእረኛውን ዜማ ቁልፍ ላለው ፍሉት ሲሰጡትና ከኋላው ኦርኬስትራ ሲያሰልፉ፣ በእረኛው እጅ ያልነበረ ስፋት ሰጡት። ዜማው ግን አገሩን አልለቀቀም።

ሥራውን በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ አቅርበውታል። የሃንጋሪ ጋዜጦች ያኔ «ጥቁሩ ኮዳይ» ብለው ጠሯቸው ይባላል። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ የገበሬውን ዘፈን እየሰበሰበ የድርሰቱም የማስተማሪያውም መሠረት ያደረገ ሰው ነው። አባባሉ ትንሽ ተጋንኖም ሊሆን ይችላል፤ ንጽጽሩ ግን አልተሳሳተም። ከዚህ ሌላ «ሰላም ለኢትዮጵያ» የተሰኘ ድርሰት አላቸው። «ኮቱሬዥያ» በተባለው ሥራቸው ደግሞ ኮቶ የተባለውን የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ ከፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር አጫውተዋል። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድም ጽፈዋል።

በ1968 ትምህርት ቤቱን ለቀው ተመልሰው አሜሪካ ገቡ። በዌስልያን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ማስተርስ፣ በ1971 ዶክትሬት ያዙ። የመመረቂያ ጥናታቸው በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ላይ ነበር። በ1975 ስለ አዝማሪ፣ በ1977 ስለ ክራር ያሳተሟቸውን ጽሑፎች የመስኩ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሷቸዋል። የክራሩ ጽሑፍ በተለይ ደስ ይላል። በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ዘመዱ ክራር እንዴት የሰይጣን እንደተባለ ያነሳል። በ1982 ደግሞ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ በአንድነት የሚያይ መጽሐፍ አሳተሙ።

በሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደሚሰጠው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ብሎ ቅኝትን (ዜማ የሚሠራባቸውን ድምፆች አደራደር) በአራት መክፈልን በተመለከተ ሙግት አለ። ክፍፍሉ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሥርዓት እንጂ የተጫዋቹን አሠራር ሁሉ አያሳይም የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ሊሆን ይችላል። ለማስተማር ግን ከአንድ ቦታ መጀመር ግድ ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ አሜሪካ ነበሩ። በኒውዮርኩ ኩዊንስ ኮሌጅና በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ከዚያ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ እዚያም ከማስተማር ሌላ የአፍሪካ አሜሪካውያንን ባህል ማዕከል መርተዋል። ታላሃሲ ውስጥ ያረፉት 60ኛ ዓመታቸውን በደፈኑ ማግስት፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። እዚያው ፍሎሪዳ ዳኛ የሆኑት ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን ልጃቸው ናቸው።

ያሬድ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ተማሪዎቹ ከፒያኖው ጎን መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና ይማራሉ። ከትምህርት ቤቱ ከወጡት አንዱ፣ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ፣ በ2014 በወጣው አልበሙ ውስጥ ዋሽንት ስለያዘ እረኛ የደረሰው የፒያኖ ሥራ አለው።