ስለ አቶም ኒውክለስ ቅርጽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኒውክለስ ድቡልቡል ነው»

በመማሪያ መጽሐፍ የሚሳለው እንዲያ ነው፤ በተፈጥሮ ግን ድቡልቡሎቹ ጥቂቶች ናቸው። የፕሮቶኖቹ ወይም የኒውትሮኖቹ ቁጥር 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50 ወይም 82 ሲሆን ሼሉ (ቅንጣቶቹ የሚደረደሩበት የኢነርጂ እርከን) ይሞላል፤ ለኒውትሮን 126ም ይጨመራል። 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን ያለው ሊድ-208 ሁለቱም ስለሞሉለት ድቡልቡል ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች በራቅን መጠን ኒውክለሱ ሞላላ እየሆነ ይሄዳል። የኤርቢየም-166 ረጅም ዘንግ ከአጭሩ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይበልጣል። ቁጥሩ ራሱም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም፤ ማግኒዚየም-32 ልክ 20 ኒውትሮን ይዞ ሞላላ ነው።

«ስፒኑ ዜሮ ከሆነ ቅርጹም ድቡልቡል ነው»

የፕሮቶኖቹም የኒውትሮኖቹም ቁጥር ተጋማሽ የሆነ ኒውክለስ ሁሉ በዝቅተኛው የኢነርጂ ደረጃው ስፒኑ፣ ማለትም አጠቃላይ የሽክርክሪት መጠኑ፣ ዜሮ ነው። የኳድሩፖል ሞመንቱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ስርጭት ከድቡልቡል ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር፣ ሲለካም ዜሮ ይወጣል። ይህ ግን ስለ ቅርጹ የሚነግረን ነገር የለም፤ ስፒኑ 0 ወይም 1/2 እስከሆነ ድረስ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ዜሮ ነው። ቅርጹን ለማግኘት ኒውክለሱን ቢያንስ ወደ ስፒን 2 ደረጃ ማንሳት ያስፈልጋል። እዚያም ወጥመድ አለ። በሚሽከረከር ሞላላ ኒውክለስ የስፒን 2 ደረጃ ላይ የሚለካው ሞመንት ከኒውክለሱ የራሱ ሞመንት 2/7ኛው ብቻ ነው፤ ምልክቱም ተገልብጦ ኔጌቲቭ ይሆናል። ምልክቱን ብቻ አይቶ «ጠፍጣፋ ነው» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦ አነበበ ማለት ነው።

«የኢነርጂ ደረጃዎቹን ካወቅን ቅርጹን አወቅን»

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይኸኛው ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና። የስፒን 4ን ኢነርጂ ለስፒን 2 ኢነርጂ ስናካፍል፣ ለሚሽከረከር ሞላላ 3.33፣ ለሚርገበገብ ድቡልቡል ደግሞ 2.0 አካባቢ ይጠበቃል። በኤርቢየም-166 ደረጃዎቹ 80.6 እና 265.0 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ናቸው፤ ሲካፈሉ 3.29 ይመጣል።

ይህ ቁጥር የእንቅስቃሴውን ዓይነት ይጠቁማል እንጂ ሞላላነቱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። መጠኑ የሚገኘው ደረጃው ከመፍረሱ በፊት ከሚቆይበት ዕድሜ ነው፤ በኤርቢየም-166 የስፒን 2 ደረጃ ግማሽ ዕድሜ 2 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚህ ወደ ሽግግሩ ብርታት (ኒውክለሱ ጋማ ለቆ ከደረጃ ወደ ደረጃ የመውረድ ዝንባሌው) ሲሰላ ሁለት ነገሮች ውጤቱን ያበላሻሉ። አንደኛ፣ የጋማ ልቀቱ ፍጥነት ከኢነርጂው አምስተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ የ1 በመቶ ስህተት 5 በመቶ ይሆናል። ሁለተኛውና ከባዱ፣ በ80 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኒውክለሱ ኢነርጂውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለአቶሙ ኤሌክትሮን ነው፤ ለእያንዳንዱ ጋማ ስድስት ሰባት ኤሌክትሮን ይወጣል። ይህ ካልታረመ ብርታቱ ከሰባት እጥፍ በላይ ተጋኖ ይወጣል። በትክክል ሲሰላ አንድ ፕሮቶን ብቻውን ሊሰጥ ከሚችለው ከ200 እጥፍ በላይ ነው፤ በርካታ ፕሮቶኖች አብረው እየተንቀሳቀሱ መሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው።

የካድሚየም አይሶቶፖች ለረጅም ጊዜ በኢነርጂ ደረጃዎቻቸው ብቻ የእርግብግቢት ምሳሌ ሆነው ሲጠቀሱ ኖረዋል። የሽግግር ብርታታቸው በጥንቃቄ ሲለካ ግን ምሳሌነታቸው ጥያቄ ውስጥ ገባ።

«እንደ ድንጋይ ድፍን ሆኖ ይሽከረከራል»

ኤርቢየም-166 ድፍን አካል ቢሆን የስፒን 2 ደረጃው 40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ በሆነ ነበር፤ የተለካው እጥፉ ነው። ስለዚህ የማሽከርከር እንቢታው የድፍን አካል ግማሽ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው፤ ኒውትሮንና ፕሮቶኖቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ሁሉም በሽክርክሪቱ ስለማይሳተፉ። ስፒኑ ሲጨምር ጥንዶቹ ይፈታሉ። በ1971 በስቶክሆልም በዲስፕሮሲየም-160 ላይ የታየው ይኸው ነበር፦ በከፍተኛ ስፒን የጋማው ኢነርጂ መጨመሩን ትቶ ወደ ኋላ ታጠፈ።

ፍጹም ድቡልቡል የሆነ ኒውክለስማ ጨርሶ የሽክርክሪት ደረጃ የለውም፤ ቢዞር ከበፊቱ የሚለየው ነገር የለምና።

«አንድ ኒውክለስ አንድ ቅርጽ አለው»

ሊድ-186 ሦስት አለው። ዝቅተኛው ድቡልቡል ነው፤ ከ700 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ደግሞ ሌሎች ሁለት የስፒን ዜሮ ደረጃዎች አሉት፤ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ሞላላ ተብለው ይተረጎማሉ። በሜርኩሪ አይሶቶፖች ከ185 ወደ ታች አንድ ኒውትሮን መቀነስ ወይም መጨመር ብቻውን ቅርጹን ይቀያይረዋል፤ ይህም በሌዘር ሲለካ የኒውክለሱ ስፋት ወዲያና ወዲህ ሲዘል ይታያል።

«የተወርዋሪው ኢነርጂ በጨመረ ቁጥር ልኬቱ ይሻላል»

በኩሎምብ ማነቃቂያ፣ ማለትም አንዱን ኒውክለስ በሌላው አጠገብ አሳልፎ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ከፍተኛ ደረጃ በማንሳት ዘዴ፣ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሁለቱ ኒውክለሶች መነካካት የለባቸውም፤ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ፌምቶሜትር (የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ) ገደማ ክፍተት ሊቀር ይገባል። ያኔ የሚሠራው የታወቀው የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ስለሆነ ውጤቱ በቀጥታ ስለ ቅርጹ ይናገራል። ከተጠጋጉ የኒውክለሱ ኃይል ይገባና ሁለቱን መለየት አይቻልም። ራዲየም-224 በቲን-120 ላይ ሲወረወር ገደቡ በስሌት ለእያንዳንዱ ኒውክሊዮን 4.3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በአውሮፓ የምርምር ማዕከል ሰርን፣ አይሶልዴ በተባለው ቤተ ሙከራ ተሠርቶ በ2013 በወጣው ጥናት የተጠቀሙት 2.8 አካባቢ ነበር። በዚህ ጥንቃቄ ነው ራዲየም-224 እንደ ቅል አንድ ጫፉ የሰፋ፣ ሌላው የጠበበ መሆኑ የተረጋገጠው።

የዲቴክተሩ ጥራትም ብቻውን አያድንም። ጥሩ የጀርማኒየም ዲቴክተር፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ፣ 1.3 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ በ2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስፋት ይለያል። ጋማውን የሚለቀው ኒውክለስ ግን በብርሃን ፍጥነት 2 በመቶ እየበረረ ከሆነ፣ የ1 ሚሊዮኑ መስመር በዶፕለር ክስተት (የምንጩ እንቅስቃሴ የጋማውን ኢነርጂ ስለሚቀይር) ምክንያት እስከ 20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይሸሻል። ለማረም የጋማው አቅጣጫ መታወቅ አለበት፤ ዲቴክተሮች በክፍልፋይ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

«አሁን ፎቶ ተነሥቷል»

በ2024 በአሜሪካ ብሩክሄቨን የሚገኘው የስታር ቡድን ዩራኒየም-238ን እርስ በርሱ አጋጭቶ ቅርጹን መለካቱን አሳወቀ፤ ዜናውም «ምስል» በሚል ቃል ተሰራጨ። የተለካው ከግጭቱ የሚወጡት ቅንጣቶች አቅጣጫና ሞመንተም ነው። ይህ ከወርቅ ግጭት ጋር ተነጻጽሮ በኮምፒውተር ስሌት ወደ ቅርጽ ተመልሷል፤ የተገኘው ሞላላነትም በዝቅተኛ ኢነርጂ ሙከራዎች ከሚታወቀው ጋር ይስማማል።