አንድ የፈረስ ጉልበት የአንድ ፈረስ ጉልበት ነው?

የውሃ ፓምፕ ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ «ባለ ግማሽ ነው ባለ አንድ?» ይላችኋል። የፈረስ ጉልበቱን ነው የሚጠይቀው። ስሙ የእንግሊዝኛው «ሆርስ ፓወር» ቀጥታ ትርጉም ነው። ታሪኩን በጣም ስለምወደው፣ በተሳሳተ መንገድ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

«አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት ፈረስ ያለው አቅም በሙሉ ነው»

አይደለም። ብርቱ ፈረስ ለጥቂት ሰከንዶች 15 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሊያወጣ ይችላል። ታዲያ «አንድ» የተባለው ከየት መጣ? ከወፍጮ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ዋት ወፍጮ የሚያዞር ፈረስ ይዞ ሂሳብ ሠራ። አውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎችን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ፈረሱ ዙሪያው 23 ሜትር ገደማ በሆነ ክብ ላይ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል። የሚስብበትን ኃይል ዋት 180 ፓውንድ፣ ማለትም 82 ኪሎ ያህል ብሎ ያዘው። ይህን ፈረሱ በደቂቃ በሚሄደው ርቀት ሲያባዛው በደቂቃ ከ32,500 ጫማ-ፓውንድ (አንዱ ማለት አንድ ፓውንድ ሸክም አንድ ጫማ ከፍ ማድረግ ነው) ትንሽ አለፈ፤ እሱም 33,000 ብሎ አጠጋጋው። በእኛ መለኪያ 76 ኪሎ የሚሆን ሸክም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። የተለካው እንግዲህ የሥራ ፈረስ እርምጃ እንጂ ግልቢያ አይደለም።

«የእንፋሎት ሞተርን የፈጠረው ዋት ነው፤ ከፈረስ ጋር ያነጻጸረውም መጀመሪያ እሱ ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የቶማስ ኒውኮመን ሞተር በ1712 ሥራ ላይ ነበር። ሞተርን በፈረስ ቁጥር መገመትንም ቶማስ ሴቨሪ በ1702 ጽፎታል። የዋት ሞተር ትልቁ ጥቅም ከሰል መቆጠቡ ነው። እሱና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ክፍያ የሚጠይቁት ደንበኛው ከቆጠበው ከሰል አንድ ሦስተኛውን ነበር። ግን በፈረስ የሚሠራ ደንበኛ ምን ከሰል አለው? ለእሱ «ይህን ያህል ፈረስ ይተካልሃል» የሚል ቁጥር አስፈለገ።

«ጉልበት ስለተባለ የሚለካው ብርታት ነው»

እዚህ ላይ የአማርኛው ስም ራሱ ያሳስታል። አንድን ሸክም በአንድ ሰከንድም በአስር ሰከንድም ማንሳት ይቻላል። ሥራው አንድ ነው፤ የፈረስ ጉልበቱ ግን አስር እጥፍ ይለያያል። ፍጥነቱም ይቆጠራል።

«ባለ አንድ ሞተር የሚበላው መብራት 746 ዋት ነው»

እዚህ ዋት ሰውየው ሳይሆን መለኪያው ነው፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። ይህ ግን ሞተሩ በዘንጉ፣ ማለትም በሚሽከረከረው ብረቱ ላይ የሚሰጠው ነው። ከፊሉ በሙቀት ስለሚባክን ከመስመሩ የሚወስደው ከዚያ ይበልጣል። ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ ስትመርጡ ይህን አስቡበት።