ሜጋቢት ቢጨምር ገጹ ይፈጥናል? ስለ ሞባይል ኢንተርኔት የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ወዳጄ «ኔቱ ተንቀራፈፈብኝ» ብሎ ትልቁን የዳታ ፓኬጅ ገዛ። ጊጋባይቱ በዛ፤ ዜና ሊያነብ የከፈተው ገጽ ግን እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ይዞራል። ተናደደ፣ እኔም ተናደድኩለት፤ ገንዘቡን ያወጣው ችግሩ በሌለበት ቦታ ነዋ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

መጀመሪያ ሁለት ቃላት። ባንድዊድዝ በአንድ ሰከንድ ምን ያህል ዳታ ሊያልፍ እንደሚችል ነው፤ በሜጋቢት ይለካል። ሌተንሲ ደግሞ ከስልካችሁ የወጣ ጥያቄ ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በሚሊሰከንድ ይለካል፣ ብዙ ሰው ፒንግ ይለዋል።

«ትልቅ ፓኬጅ ከገዛሁ ይፈጥናል»

አይፈጥንም። 10 ጊጋባይት የዳታ መጠን እንጂ ፍጥነት አይደለም። ቶሎ አያልቅባችሁም፣ በቃ።

«ሜጋቢቱ በእጥፍ ካደገ ገጹም በእጥፍ ይፈጥናል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናት ልጇን ሱቅ ላከችው እንበል። «ስኳር አምጣ» አለችው፣ አመጣ። «ሻይ ቅጠልስ?» አለች፣ ተመልሶ ሄደ። «ውይ፣ ክብሪት ረሳሁ።» ደግሞ ሄደ። ለዚህ ልጅ ትልቅ ዘንቢል ብንሰጠው ምን ይጠቅመዋል? ያዘገየው መንገዱ ነው።

ድረ ገጽ ስትከፍቱም የሚሆነው ይኸው ነው። ስልኩ መጀመሪያ የገጹን አድራሻ ይጠይቃል፤ አንድ ምልልስ። ከሰርቨሩ ጋር መስመር ይከፍታል፤ ሁለት። ግንኙነቱን የሚቆልፍበትን ቁልፍ ይለዋወጣል፤ ይሄ ድሮ ሁለት ምልልስ ነበር፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ቲኤልኤስ 1.3 በሚባለው አዲስ የቁልፍ አለዋወጥ ሥርዓት ግን ወደ አንድ ወርዷል። ከዚያ በኋላ ነው ገጹን ራሱን የሚጠይቀው። አንዱ ምልልስ 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ ፊደል ሳታዩ 800 ሚሊሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ገጹ ሲመጣ ደግሞ ፎንቱን፣ ምስሉን፣ ማስታወቂያውን ከሌላ ሰርቨር አምጣ ይላል፣ እና መላላኩ እንደገና ይጀምራል።

ሌላም አለ። አብዛኛው ሰርቨር መስመራችሁ ምን ያህል እንደሚችል ስለማያውቅ በጥንቃቄ ነው የሚጀምረው። በመጀመሪያው ዙር 14 ኪሎባይት ገደማ ይልካል፣ ስልካችሁ «ደረሰኝ» ሲለው ቀጥሎ 28፣ ቀጥሎ 56 እያለ ያሳድጋል። ድረ ገጽ በአብዛኛው የትንንሽ ፋይሎች ስብስብ ስለሆነ፣ መስመራችሁ 40 ሜጋቢት ቢችል እንኳ ያ አቅም ገና ሳይነካ ፋይሉ ያልቃል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የጉግል መሐንዲስ የነበረው ማይክ ቤልሺ ይህን ለክቶ አሳይቷል። መስመሩን ከ1 ወደ 2 ሜጋቢት ሲያሳድገው ገጾች በጣም ፈጠኑ። ከ5 ወደ 10 ሲያሳድገው ግን የተገኘው ለውጥ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ምልልሱን ባሳጠረ ቁጥር ግን ገጹ የሚከፈትበት ጊዜ አብሮ ሲቀንስ አገኘው።

«ስፒድ ቴስት 40 አሳየኝ፣ ስለዚህ መስመሬ ጤነኛ ነው»

ስፒድ ቴስት ብዙውን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር መርጦ ነው የሚለካው። የምትከፍቱት ገጽ ግን ፍራንክፈርት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 53 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ይህን የትኛውም ፓኬጅ አይቀንሰውም። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የባሕር በር ስለሌለን መጀመሪያ በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር በኩል ባሕር ላይ መድረስ አለበት።

ለዚህ ነው ለኢትዮጵያውያን አንባቢ ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆችን የምለምናችሁ፦ ገጹን በቢሮ ዋይፋይ ብቻ አትሞክሩት። ከስድስት የተለያዩ ቦታዎች ፎንትና ስክሪፕት የሚለቃቅም ገጽ፣ ደሴ ላይ በ3ጂ የሚከፍተውን ተማሪ በጣም ያስጠብቀዋል።

«ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ስልኬ ነው ችግሩ»

ስልኩ ላይ የምታዩዋቸው ዘንጎች የሲግናሉን ጥንካሬ እንጂ ማማውን ስንት ሰው እየተጋራው እንደሆነ አይናገሩም። በዚያ ላይ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሬዲዮውን ያስተኛዋል። በ3ጂ እሱን ለመቀስቀስ ብቻ እስከ 2 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፣ በ4ጂ በጣም ያጥራል። የመጀመሪያው ገጽ ቆሞ ቆሞ ሁለተኛው ቶሎ የሚከፈተው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

«ሜጋቢት ካለ ጥሪውም ጥርት ይላል»

የድምፅ ጥሪ 1 ሜጋቢት እንኳ አይፈልግም። የሚጎዳው መዘግየት ነው። ሪያድ ያለች ልጅ «ሃሎ እማዬ» ትላለች፣ መልስ ሳይመጣ ሲቀር ትደግማለች፣ እናቷም በዚያው ቅጽበት «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ትላለች፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አንዱ መንገድ ብቻ ከ150 ሚሊሰከንድ ብዙ ካለፈ ንግግር እንዲህ መጋጨት ይጀምራል። እዚያው ቤት ሌላ ሰው ፊልም እያወረደ ከሆነ ደግሞ የድምፁ ዳታ ከፊልሙ ኋላ ይሰለፋል። ማውረዱን ለአፍታ አቁሙት፣ ጥሪው ሲስተካከል ትሰማላችሁ።

«እንግዲያው ባንድዊድዝ ጥቅም የለውም»

እንደሱም አይደለም። ቪዲዮ ለማየትና አፕ ለማዘመን ወሳኙ እሱ ነው። መስመሩ 1 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፒንጉ 30 ቢሆንም 3 ሜጋባይት የሆነ ገጽ (አንድ ባይት 8 ቢት ነውና 24 ሜጋቢት ማለት ነው) 24 ሰከንድ ይወስዳል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ኦፔራ ሚኒ የተባለው ብራውዘር በጣም የሚረዳው ምልልሱንም የዳታውን መጠንም ስለሚቀንስ ነው፤ የራሱ ሰርቨር ገጹን ከየቦታው ሰብስቦ፣ ጨምቆ፣ በአንድ ዘንቢል ይልክላችኋል።